ወባ ያልያዘው ወንድሜ

በእኛ በቆላው አገር ሰው ሲያዛጋ ወባ ነው ይባላል። ሲያስነጥስም ወባ ነው። ከሚስቱ ተጣልቶ ጥግ ይዞ የተቀመጠውን፣ የአማቹ ስም የጠፋበትን፣ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋውን ሁሉ ወባ ነው እንላለን። አንድ ጊዜ የውሃ ሻጩ አህያ መንገድ መሀል ተኝታ አልነሳም ብትል፣ የከበባት ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «ወባ ናት» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ ባለ አገር ወባ ሳይዘው የታመመ ሰው ከተገኘ ምን ያህል ግራ እንደሚያጋባ እናንተው ገምቱት። ወንድሜ አስማረ ያመጣብን ጣጣ ይኸው ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ሸሕዲ ነበር፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር። እናታችን ስትሞት አስማረ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር እኔ ታላቅ እህቱ አሳደግኩት። ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ ለሰሊጥ ሥራ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደውን ሰው ሱሪ እጠግናለሁ። የቆላ እሾህ ክፉ ነው፤ ደገኛው ሁሉ ሙሉ ሱሪ ለብሶ ወርዶ በቁምጣ ነው የሚመለሰው።

ከበረንዳዬ ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፎቹ ሥር፣ አስማረና ጓደኞቹ ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷን ከስፌት ቁርጥራጭ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ጨዋታቸው ጅማሬ የለው፣ ፍጻሜ የለው። አንዱ ወገን አራት፣ ሌላው ዘጠኝ ይሆናል፤ ማንም ግድ የለውም። ግመል ካለፈ ግመሉ እስኪያልፍ ቆመው ያዩታል፤ ከዚያ ኳሷን ማን ይዟት እንደነበር ይረሱና እንደገና ይጀምራሉ። ሲመሽ ሁሉም አሸንፎ ወደየቤቱ ይገባል። አስማረ ልጅ አታሎ ሲያልፍ ይስቅ ነበር። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ የተታለለው ልጅም አብሮት መሳቁ ነው። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ ፈዝዤ አያለሁ። በዚያ ፍዘት የተነሳ ስንቱ የወሎ ሰው ኪሱ ጉልበቱ ላይ ተሰፍቶለት አገሩ እንደገባ እግዜር ይወቀው። ምን ነበረ እንዲያው እንደዚያ ቢቀጥል?

አይቀጥልማ። በዚያ ዘመን ሳይደራጅ የሚቀር ነገር አልነበረም። ሴቱ ተደራጀ፣ ወጣቱ ተደራጀ፣ ዘበኛው ተደራጀ፤ የልጆች ጨዋታ ብቻውን ሜዳ ላይ ዝም ብሎ እንዲኖር ማን ይፈቅድለታል?

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰበሰቡ። ጓድ ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ሰሊጥ መዛኝ ነበሩ፤ ሰው ሲያነጋግሩም መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ይመዝኑታል።

«ከላይ መመሪያ ወርዷል» አሉ። «እያንዳንዱ ቀበሌ የሕፃናት እግር ኳስ ቡድን ያቋቁማል። ከሽንፋ ጋር እንጋጠማለን፣ ከዚያ ከሳንጃ ጋር። ያሸነፈው ለአብዮት በዓል ጎንደር ገብቶ ይጫወታል። እዚያ ዓይን የገባ ልጅ እዚያው ይቀራል፤ መንግሥት እያበላ ያሰለጥነዋል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያን ጊዜ እጅ ማሳረፍ ጥሩ አልነበረም። «እዚያው ይቀራል» የምትለዋ ነገር የተሰማችኝ ቤት ገብቼ፣ የአስማረን መኝታ ሳነጥፍ ነው።

አሰልጣኝ ሆኖ የተመረጠው መምህር በዛብህ ነው፤ ሒሳብ የሚያስተምር የጎጃም ልጅ። ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቶሎ ባለቀ ነበር። ኳስ በእግሩ ነክቶ አያውቅም፤ የሚያውቃት በሬዲዮ ነው። ስለዚህ ሲያሰለጥንም እንደ ሬዲዮኑ ነው የሚናገረው። «አስማረ ይዞ እየገሰገሰ ነው፣ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ» እያለ ሜዳው ዳር ይሮጣል፤ አስማረ ግን ገና የሸራ ጫማውን እያሰረ ነው።

ልምምዱ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል፤ ምክንያቱም በቆላ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንኳን የሚሮጥ የሚቀመጥም ያልበዋል። ፊሽካ ይነፋል፣ ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ ይወጣሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት። ከትምህርት ቤት መልስ ሌላ ፊሽካ። እሁድም ፊሽካ። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናርፋለን ብለው የነበሩት ልጆች ተታለሉ፤ በትምህርቱ ፋንታ ሌላ ልምምድ ተጨመረላቸው። መምህሩም ለክረምት አገሩ ሳይገባ ቀረ፣ ለእነሱ ሲል። ሩጫ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ መፈክር አለ። ኳስ ራሷ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ የልጆቹ እግር መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ።

ኳሷ ስትሄድ ደግሞ ግምገማ ይመጣል። ሒስና ግለ ሒስ። አንድ ቀን ለአስማረ ውሃ ይዤ ብሄድ ልጆቹ በክብ ተቀምጠዋል፣ አስማረ ቆሟል።

«ጓዶች» ይላል፣ «ትናንት ኳሷን ለጓድ ሙሉ ያላቀበልኩት በግለኝነት ስሜት ተገፋፍቼ ነው። ይህም የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ነው።»

አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እሱ ሲቀመጥ ከሱ የሚያንሰው በረኛው ተነሳ። «እኔ ደግሞ ጎል የገባብኝ ንቃቴ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው» አለ። ንቃቱስ እውነትም ዝቅተኛ ነበር፤ ቆሞ እያንቀላፋ ነው የተናገረው።

ማሊያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀይ ይሁን ተባለ። ቀይ ጨርቅ ከየት ይምጣ? ከበረንዳዬ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ ከሱዳን ዕቃ የሚያስመጡት ሽማግሌው ሐጂ እድሪስ፣ ለጀላቢያ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ሰጡኝ።

«ይሄ እኮ ነጭ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«ያ ቢንት፣ ቀዩን ከርከዴ ይሠራዋል» አሉ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

ከርከዴ እንደ ሻይ አፍልተን የምንጠጣው ቀይ አበባ ነው። በበርሜል አፈላሁት፣ ጨርቁን ነከርኩት፣ አምሮ ወጣ። ከሽንፋ ጋር የተጋጠምን ቀን ግን ልጆቹን ሲያልባቸው ቀለሙ ለቀቀ። አንገታቸው ቀላ፣ ደረታቸው ቀላ፣ ጭናቸው ድረስ ወረደ። የሽንፋ ልጆች ደም መሰላቸውና ሸሹ፤ አስማረ በባዶ ሜዳ ሄዶ አገባ። ሽንፋዎች ለዳኛው አቤት አሉ። ዳኛው የአስማረን አንገት በጣቱ ጠረገና ቀመሰው። «ሻይ ነው» ብሎ ጎሉን አጸደቀው።

ከዚያ ቀን በኋላ አስማረ የእኔ ወንድም መሆኑ ቀረ፤ የሸሕዲ ሆነ። ፀጉር ቆራጩ ሲቆርጠው ስለ ግራ እግሩ ይመክረዋል። ሰሊጥ ተሸካሚዎቹ ኩንታል ጀርባቸው ላይ እንዳለ ቆመው ይመክሩታል። ሐጂ እድሪስ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ተምር እጁ ላይ ያስቀምጡለታል፤ «ብላ ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ሳንጃን የምትጥላት በዚህ ነው» ይሉታል። ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ እግሩን እያየ ነው ሰላም የሚለው። ፊቱን የሚያይ ጠፋ።

ፊቱን አንድ ሰው ቢያይለት ኖሮ ሳቁ እንደቀረ ባወቀ ነበር። ቀጥሎ ወሬው ቀረ። እጁን ገበታ ላይ ይሰድና ይረሳዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የጎረቤት ሕፃን የለጋት ኳስ እየተንከባለለች ወደ እሱ መጣች። አያት። ከዚያ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀላት፤ ልክ ትልቅ ሰው እንደሚያሳልፍ አድርጎ። ኳሷም አልፋ ቦይ ውስጥ ገባች። እኔን መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ምን አልኩ? «ወባ ነው» አልኩ። የአገሬ ሰው አይደለሁ?

ወደ ክሊኒካችን ወሰድኩት። ድሬሰር ወርቁ ከመነጽራቸው በላይ አዩን።

«ይበርደዋል?»

«ኧረ አይበርደውም።»

«ይሞቀዋል?»

«ቆላ ነው፣ ጌታዬ፤ ሁላችንንም ይሞቀናል።»

«ራስህን ያምሃል አንተ?»

«አያመኝም» አለ አስማረ።

«ድብቅ ወባ ነው» አሉ ድሬሰር ወርቁ።

ጣቱን ወግተው ደም ወሰዱና በማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብለው አዩት። ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው የተሰደበ ሰው ፊት መስሏል።

«ደሙ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ታዲያማ ማይክሮስኮፑ አርጅቷል» አሉና ኪኒኑን ቆጥረው ሰጡኝ።

የወባ ኪኒን ውጦ የሚያውቅ ሰው ማሳከኩን ያውቀዋል። ወባ ያለበትን ሰው ያሳክካል፤ ወባ የሌለበትን ደግሞ ሌላ ሥራ ስለሌለው ይሆናል መሰለኝ፣ አብዝቶ ያሳክካል። አስማረ ሜዳ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን ሲያክ፣ ጀርባውን ከግንድ ጋር ሲያፋትግ፣ መምህር በዛብህ ከሩቅ አይቶ «አስማረ ዛሬ ቅልጥፍናው ጨምሯል» አለ። ነገሩ ሲገባው ግን ደግ ሰው ነውና «እስኪሻለው ይተኛ» ብሎ ፈቀደለት።

ይህች ፈቃድ ናት መዘዙን ያመጣችው። ወባ የተባለ ልጅ ጎህ ሳይቀድ እንደማይቀሰቀስ የቀሩት ልጆች ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። በማግስቱ በረኛው በቀትር ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተንቀጠቀጠ። ተከትሎ ጓደኛው ሙሉ ወደቀ። አንዱ ደግሞ እናቱ ኪኒን ስታመጣበት ደንግጦ «ወባው የያዘኝ ግራ እግሬን ብቻ ነው» አለ። በሳምንቱ መምህር በዛብህ ሜዳ ላይ ቆሞ ፊሽካውን ቢነፋ የመጣለት የሊቀመንበሩ ውሻ ብቻ ነው።

ጓድ ሊቀመንበር አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

«ወባ ለምን የእኛን ቡድን ብቻ መረጠ?» ብለው ጀመሩ። «ለምን የሳንጃን ቡድን አልያዘም? ከትንኟ ጀርባ ማን እንዳለ ይጣራል። እስከዚያው ግን በትንኝ ላይ ዘመቻ ታውጇል።»

እንዲህ ሆነና ሸሕዲ አካፋና ዶማ ይዛ ወጣች። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሐጂ እድሪስ ሳይቀሩ ጀላቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሰብስበው ወጡ። ከፊት ድሬሰር ወርቁ ዱላ ይዘው እያንዳንዱን ኩሬ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከኋላ እኛ እየዘፈንን እንደፍናለን። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወስደው ወስደው ያቆሙን የት ይመስላችኋል? ኳስ ሜዳው ላይ።

የእኛ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲረግጡት እንደ ሊጥ ይቀበላል፣ የተቀበለውን አይለቅም። ልጆቹ ጠዋት ማታ ሲሮጡበት የከረሙት ሜዳ ከዳር እስከ ዳር የእግር ዳና ሆኗል። እያንዳንዱ ዳና ውሃ ቋጥሯል። በእያንዳንዱ ዳና ውስጥ የትንኝ ልጆች ሽር ሽር ይላሉ።

«የትንኟ መፈልፈያ ተገኘ» አሉ ድሬሰር ወርቁ። «ይንጣፈፍ።»

መምህር በዛብህ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ዘመቻ ነው፣ ዘመቻ ደግሞ አይቆምም። ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል ደረት የሚደርስ ቦይ ቆፈርን፤ አፈሩን ግራና ቀኝ ከመርነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሸሕዲ የትንኝ ኩሬ አልነበራትም። ኳስ ሜዳም አልነበራትም።

በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ ድነው ተነሱ። ጓድ ሊቀመንበር የከመርነው አፈር ላይ ወጥተው «ከዛሬ ጀምሮ በሸሕዲ ወባ የለም» ሲሉ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ መንቀጥቀጥ የደፈረ ሰው አልታየም። ሰሊጥ ሊያርም የወረደ አንድ የጎጃም ሰው እውነተኛ ወባ ይዞት ጥርሱ እየተፋጨ ቢያልፍ፣ ዘበኞቹ «ምን ሆንክ?» ቢሉት፣ «ደስ ብሎኝ ነው» አለ ተባለ።

እኛ ሜዳ የለንም እንጂ ሳንጃ ሜዳ አላት። ግጥሚያው እዚያ ስለሆነ አልቀረም፤ ልምምዱ ወደ መኪና መንገዱ ተዛወረ። ፊሽካው ተመለሰ። አስማረም ተነስቶ ሄደ፤ ምንም አላለም። ያ ነው ያስፈራኝ። እምቢ ቢለኝ፣ ቢያለቅስ፣ ቢደበቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጉዞው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ አቁሜው ቁምጣውን ለካሁት። ወገቡ ከበፊቱ አንሷል። ብዙ ልጅ ለክቼ አውቃለሁ፤ ልጅ ሲያድግ ነው እንጂ ሲያንስ ለክቼ አላውቅም። ወገቡን ለማጥበብ ጨርቁን በመርፌ ስይዝ፣

«እታለም» አለኝ።

«ወዬ።»

«እውነተኛ ወባ ቢይዘኝ ምን አለበት?»

«ምን የሚሉት ምኞት ነው ይሄ?»

«ወባ የያዘውን ሰው ተኛ ነው የሚሉት።»

«ተኝተህ ከርመህ የለም እንዴ?»

«እሱ የውሸት ነው። ተኝቼም ፊሽካው ይሰማኛል» አለ። ቀጠለና፣ «ሳንጃን ካሸነፍን ደግሞ ጎንደር አለ። ጎንደር ጥሩ ከተጫወትኩ እዚያ ያስቀሩኛል። መጥፎ ከተጫወትኩ ግምገማ አለ። የቱን ላድርግ?»

አፌ ውስጥ ክር ነበረ። ክሩን አውጥቼ በመርፌው አሾለክሁና ወገቡን መስፋት ጀመርኩ።

ጠዋት ሰሊጥ የሚጭነው መኪና ቀይ ጨርቅ ለብሶ ቆመ። ከተማው ወጥቷል። ልጆቹ ተሳፈሩ። እኔ አስማረን እጁን ይዤ ሄድኩና ከጓድ ሊቀመንበር ፊት ቆምኩ።

«አስማረ አይሄድም፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሞታል።»

ከላይ እስከ ታች መዘኑኝ። «ወባ እንዳትይኝ፣ ጓዲት። ወባ ተደምስሷል።»

ድሬሰር ወርቁ መሬት መሬቱን አዩ። እኔም ሌላ በሽታ ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው በሽታ አንድ ወባ ነው፤ እሱንም በአዋጅ ወስደውብኛል።

«ታክቶታል» አልኩ።

«ምን ታከተው?»

«ይሄው… ሁሉም ነገር።»

ሰው ሳቀ። «ቦዩን የቆፈርነው እኛ፣ የታከተው እሱ» አለ አንዱ ተሸካሚ። ሌላው፣ «እሱን ከታከተው እኔ እስካሁን ሞቻለሁ ማለት ነው» አለ። ሴቶቹም ሳቁ። ልጅ ይርበዋል፣ ያመዋል፣ ይገረፋል፤ ይታክተዋል የሚባል ነገር ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። እኔም ራሴ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

መምህር በዛብህ ከመኪናው ወረደ። አስማረ ፊት በርከክ አለ።

«ኳስ ጠላህ?»

«አልጠላሁም፣ መምህር።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አስማረ፣ «መጫወት ናፈቀኝ» አለ።

«ጠዋት ማታ ስትጫወት አይደለም እንዴ የምትውለው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሱማ ልምምድ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ አስማረ። ሊያሾፍ አይደለም፤ የጠየቁትን ነው የመለሰላቸው።

መኪናው ላይ ከበረኛው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ፣ ሙሉ፣ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። መምህር በዛብህ ተነስቶ የጉልበቱን ጭቃ አራገፈ፤ ማራገፉ ከጭቃው ይበዛ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይቅር፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ።

«በማን ፈቃድ?»

«በእኔ። ተጠያቂውም እኔ ነኝ።»

በዚያን ጊዜ ተጠያቂው እኔ ነኝ ማለት ምን ማለት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ሳቁ ቆመ። ሊቀመንበሩ መምህሩን መዘኑት፣ እኔን መዘኑኝ፣ አስማረን መዘኑት። አስማረ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ፤ የስንቱን ኩንታል ጉድለት በዓይናቸው የሚያውቁ ሰው ናቸውና የጎደለውን ሳያዩት አልቀሩም። እንዲያም ሆኖ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ሐጂ እድሪስ ናቸው ከሱቃቸው ደጃፍ፣

«ኸላስ፣ ኸላስ፣ በቃ» ያሉት። «መኪናውን አስነሱት እንጂ፤ ዝናብ ከመጣ ዋልካው ይይዛችኋል።»

ሊቀመንበሩ ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። ሆኖም «እውነት ነው፣ ዝናብ አለ» ብለው ተሳፈሩ።

ሳንጃ ደኅና አድርጋ ቀጠቀጠችን። የእኛ ልጆች ሲቀሉ የሳንጃ ልጆች አልሸሹም፤ ስለ ከርከዴው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ ኩባያ ይዘው ነው የጠበቋቸው። በግምገማው ጥፋቱ የመንገዱ ሆነ። መምህር በዛብህም በሒሳብ ማስተማር ብቻ እንዲወሰን ተባለ፤ ከዚያ የበለጠ ቅጣት ስላልመጣ ዓመቱን ሙሉ ማርያምን ሳመሰግን ከረምኩ።

እኔ ሞኟ በሳምንቱ አስማረ ይነሳል ብዬ ነበር። ወባ እንኳ በሳምንቱ ይለቃል። አልተነሳም። ሰሊጡ ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተከመረ፤ አስማረ ውሃ ይቀዳል፣ ቤት ይጠርጋል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። እንዲህ ያለ የታዘዘውን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ አይስጣችሁ። አዲስ ኳስ ሰፋሁለት፤ አስቤበት፣ የሐጂን ምርጥ ጨርቅ ከውጭ አልብሼ። አመሰገነኝና ትራስ አደረጋት። ልጆቹ ደጅ ሆነው ሲጠሩት እኔ ነኝ ልቤ ዘሎ የሚወጣው፣ እሱ «ሥራ አለብኝ» ይላቸዋል። ሥራ እንዳልነበረበት እኔ አውቃለሁ፤ ሠርቶ ጨርሶታል።

ዓይኔ እያየው ናፈቀኝ። ቤት ውስጥ አብሮኝ የሚበላ የሚተኛ ልጅ እንዴት ይናፍቃል ትሉ ይሆናል። ይናፍቃል።

አጨዳው አልቆ ደገኞቹ ወደየአገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አንድ ቀን ከምሳ ተነሳና በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ልወጣ ነው።»

«ወዴት?»

«ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ። ልጆቹ አሉ።»

«ምን ልትሠሩ?» አልኩት፣ እንደማይመለከተኝ ሆኜ።

አየኝ። «እንዳትመጪ» አለ። «ማንም እንዳይመጣ።»

ሄደ። እኔም አልሄድኩም። ግን እግሬን ወንበሩ ላይ ባስረው ይሻል ነበር። በረንዳው ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሐጂ እድሪስ ከሱቃቸው አዩኝና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከሱቃቸው ደጃፍ ሆኖ መጋዘኑ ጀርባ በከፊል ይታያል። ሽማግሌው ተነሱ፣ ወንበራቸውን አዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ ተሸካሚዎቹም በዚያ በኩል ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር፤ አንዱ እንደዚያ ሲያልፍ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ ኩንታሉን ጣለ። መምህር በዛብህ በፀሐይ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጃንጥላውን በመጋዘኑ በኩል አጋድሞ፣ ቀስ እያለ አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደዚያው ተመለሰ። ከተማው በሙሉ ወደ አንድ ቦታ ላለማየት ደፋ ቀና አለ። ከመጋዘኑ ጀርባ ጩኸት ይመጣል፤ ጎል ይሁን ጠብ አይለይም።

አስማረ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆች ወልዷል። ያን ቀን እዚያ ምን እንደነበረ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሄዷል፣ ሁልጊዜ ከዓይን ርቆ ነው። እኔ ሲጫወት ዳግመኛ አላየሁትም። ሽበት አውጥቼም፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ሳልፍ ቆሜ የማየው እሱን እየፈለግኩ ነው፤ ከመካከላቸው የማገኘው ይመስለኛል።

ያን ማታ ሲገባ ጉልበቱ ተልጧል፣ ሸሚዙ ከብብቱ ተተርትሯል። ማን አገባ፣ ማን አሸነፈ፣ ስንት ለስንት የሚል ጥያቄ አፌን ሞልቶት ነበር፤ ዋጥኩት። ራት አቀረብኩለት። በላ፣ ጨምሪ አለኝ፣ ጨመርኩ።

«ነገም ትወጣለህ?» አልኩት፣ ይህችን ብቻ መዋጥ አቅቶኝ።

እያላመጠ አሰበበት።

«እንጃ» አለ። «ደስ ካለኝ።»